አደባባይ የሁሉም ነው፣ ፊት የባለቤቱ ነው
የማያውቁትን ሰው ፎቶ ስለማንሳት ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



የዛሬው ጉዳያችን በየኪሳችን ያለ ነው። ስልክ የያዘ ሁሉ ካሜራ ይዟል፤ ካሜራ የያዘ ሁሉ ደግሞ በታክሲ ሰልፍ፣ በገበያ፣ በጥምቀት፣ በለቅሶ ቤት ደጃፍ የማያውቀውን ሰው ፎቶ ማንሳት ይችላል። «ኧረ ተው፣ ለምን ታነሳዋለህ?» ሲባል የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «አደባባይ ላይ ነው እኮ!» አደባባይ የወጣ ሰው መታየትን ፈቅዷል፤ ከታየ ደግሞ ፎቶ ቢነሳ ምን ይጎድልበታል የሚል ክርክር ነው። ይህ ክርክር አይበቃም ብዬ ነው ዛሬ የምሟገተው። ቦታው የማን ነው ከማለታችን በፊት፣ የሚነሳው ሰው እምቢ ለማለት አቅም አለው ወይ ብለን መጠየቅ አለብን። እምቢ ማለት የሚከብደው ሰው ሲያጋጥመን የእኛ ኃላፊነት የዚያኑ ያህል ይከብዳል።

በሕግ ልጀምር። ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሲያ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር መብራት ሰቅሎ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ሳያውቁት የሚያልፉ መንገደኞችን ፊት ያነሳ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ለእይታ ቀረበ፤ አንዱ ቅጂ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ከተነሱት አንዱ አጥባቂ አይሁዳዊ አዛውንት ነበሩ። ፎቷቸው መሸጡን ከዓመታት በኋላ ሲሰሙ፣ ሃይማኖቴም አይፈቅድም፣ እኔም አልፈቀድሁም ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ2006 ፎቶው የኪነ ጥበብ ሥራ ነው ብሎ ክሱን ዘጋው። በካናዳ ሞንትሪያል ደግሞ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሳታውቅ ተነሳች፤ ፎቶዋም በ1988 በአንድ የጥበብ መጽሔት ላይ ወጣ። የተሸጠው 722 ቅጂ ብቻ ነው። ሆኖም የክፍል ጓደኞቿ ሳቁባት፤ እሷም ከሰሰች። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 ፈረደላት፣ የ2,000 ዶላር ካሳም ጸናላት። ሁለቱም በአደባባይ ነበሩ፤ ሁለቱም ምንም አሳፋሪ ነገር ሲያደርጉ አልተገኙም። አንዱ ተረታ፣ አንዷ ረታች።

የእኛ ሕግ ወደ ሞንትሪያሉ ይጠጋል፤ እንዲያውም በ38 ዓመት ይቀድመዋል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የ1960) የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ፈቃድ የማያሻበትን ይዘረዝራል፦ ዝነኛ ሰው፣ የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ሰው፣ የፍርድና የፖሊስ ሥራ፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም ሕዝብን የሚመለከት ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ድርጊትና ሥነ ሥርዓት። ቁጥር 29 ባለ ፎቶው እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ዳኛም ሌላው በፎቶው ያገኘውን ጥቅም ያህል ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። ቁጥር 30 ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት ክብሩን የሚነካ ነገር ከተደረገ መብቱን ለቤተሰቡ ያስተላልፋል። በእኔ ንባብ ጥምቀት ሥነ ሥርዓት ነው፤ በጃንሜዳ የተሰበሰበውን ሕዝብ ማንሳት ይቻላል። መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት ደርድራ የተቀመጠች ባለ ጉልት ግን ሥነ ሥርዓት አይደለችም፤ ሥራዋ ላይ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ማሳየት፣ ስለ ማባዛትና ስለ መሸጥ ነው፤ ካሜራውን ስለ መጫን አይናገርም። በዘመኑ ይህ ምክንያት ነበረው። በማንሳትና በማሳየት መካከል ረጅም መንገድ ነበር፦ ፊልሙ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ፎቶ ቤት ይወሰዳል፣ በጨለማ ክፍል ይታጠባል፣ በወረቀት ይታተማል። ጋዜጣ ላይ ይውጣ ከተባለም ዋና አዘጋጅ ያየዋል። በዚህ መንገድ ላይ ሰው ለማሰብ ጊዜ ነበረው፤ የሚከለክልም አይጠፋም። ዛሬ ፎቶው ከተነሳበት ቦታ ሳንንቀሳቀስ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ ቲክቶክ ላይ ሙዚቃ ይገባበታል፣ ባለቤቱ ቤቱ ሳይደርስ ጎረቤቱ አይቶታል። ሕግ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ወደ መነሻው፣ ጣታችን ስልኩን ወደሚነካበት ቅጽበት መምጣት አለበት። ያንን ቅጽበት የሚገዛው ጨዋነት ነው።

የጨዋነቱ መሠረት ፈቃድ ነው እንላለን። ግን የእኛን አገር ሰው የሚያውቅ ሁሉ ፈቃድ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያውቃል። ይሉኝታ ያለበት ሰው እንግዳ አያሳፍርም። አንዲት ባልቴት ደጃቸው ላይ ጥጥ እየፈተሉ ሳለ ደህና የለበሰ ወጣት መጥቶ ካሜራ ቢደግንባቸው፣ ምናልባት ፈገግ ይላሉ፤ ምናልባት ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ምናልባትም ዝም ይላሉ። ወጣቱ ይህን ሁሉ እሺታ አድርጎ ይወስደዋል። እሳቸው ግን «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ይሆን?» እያሉ እያሰቡ ሊሆን ይችላል። ፈገግታም ዝምታም ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሚባለው እምቢ ቢል ምንም እንደማይመጣበት የሚያውቅ ሰው የሰጠው ቃል ነው። ተረጂ ረጂውን፣ ሠራተኛ አሠሪውን፣ ሕመምተኛ ሐኪሙን፣ ልጅ አዋቂውን እምቢ ለማለት ይቸገራል። ሕፃን ሲሆን የሚጠየቀው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው፤ ብስኩት ይዞ ልጆችን መሰብሰብ ፈቃድ ማግኘት አይደለም።

እስቲ በስልኮቻችን ውስጥ ያሉትን የማናውቃቸውን ሰዎች እናስብ። እነማን ናቸው? ከውድ መኪና የሚወርደውን ባለሀብት አፍንጫው ሥር ቆመን አናነሳውም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ምሳ ሲበላ አናነሳውም። የምናነሳው ተሸካሚውን፣ የጎዳና ልጁን፣ የአእምሮ ሕመምተኛውን፣ በዝናብ የበሰበሰችውን ቆሎ ሻጭ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የሚጠይቅለት የሌለው ሰው ፊት በቀላሉ ይነቀነቃል።

ለበጎ ዓላማስ ከሆነ የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከባዱ ክፍል ይህ ስለሆነ ሁለት ታሪኮችን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 ዶሮቲያ ላንጅ የተባለችው አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ በሚባል ቦታ፣ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር፣ ልጆቿን አቅፋ ድንኳን ሥር የተቀመጠች እናት አገኘች። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር የምትሠራው። ጥቂት ፎቶዎች አንስታ ሄደች፤ ስሟንም አልጠየቀቻትም። ፎቶው ታተመ፣ አገር ደነገጠ፣ መንግሥት ወደ ሰፈሩ ምግብ ላከ። ምግቡ ሲደርስ ግን እናቲቱና ልጆቿ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ነበር። ያ ፎቶ በዓለም ላይ በብዛት ከታተሙት አንዱ ሆነ። እናቲቱ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው በ1978፣ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። ምንም እንዳላገኘችበት ተናገረች፤ ባትነሳ ትመርጥ እንደነበርም ገለጸች። ልጆቿም የድህነት ምልክት ሆነው መቅረታቸው ያሳፍራቸው ነበር። ፎቶው ብዙዎችን እንደጠቀመ አልክድም። ስም መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም ነበር።

ሁለተኛው የራሳችን ነው። ጋዜጠኞቹ ሞሐመድ አሚንና ማይክል በርክ የቀረጹት የኮረምና የአካባቢው ረሃብ በቢቢሲ የተላለፈው በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ዓለም የተነቃነቀው በዚያ ምስል ነው፤ ባይቀረጽ ኖሮ ስንት ሰው በዝምታ ያልቅ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። በዚያው ሰሞን የካናዳው ጋዜጠኛ ብራያን ስቱዋርት ትግራይ ውስጥ ልትሞት ደቂቃዎች ቀርተዋታል የተባለችን ሕፃን ቀረጸ። ሕፃኗ ተረፈች። ምስሏ እ.ኤ.አ. በ1985ቱ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ለዓለም ታየ፤ ከ20 ዓመት በኋላም ብርሃን ወልዱ በለንደኑ የላይቭ 8 መድረክ ላይ በእግሯ ቆማ ታየች። የእሷን ስም እናውቃለን። ከእሷ ጎን የነበሩትን የብዙ ሺዎችን ግን አናውቅም፤ ፊታቸው ብቻ በየመጽሔቱ፣ በየፖስተሩ፣ በየመማሪያ መጽሐፉ ቀርቷል። በውጭ አገር የኖሩ ወገኖቻችን ኢትዮጵያዊ ነኝ ባሉ ቁጥር ያ ፎቶ እንዴት ይከተላቸው እንደነበር ያስታውሳሉ። የአውሮፓ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1989 በምስል አጠቃቀም ላይ የሥነ ምግባር ደንብ ያጸደቁት እንዲህ ያለው ምስል ሰውን ከሰውነቱ በታች ያሳያል የሚል ትችት ስለበዛባቸው ነው። ከዚህ የምወስደው ፍርድ ይህ ነው፦ አስጨናቂ ጊዜ ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክርነት ግን ስምን፣ ቦታን፣ ታሪክን ይዞ ሲሄድ ነው ምስክርነት የሚሆነው።

እንግዲህ ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ዛሬው እንምጣ። በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚታየውን የምጽዋት ቪዲዮ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወጣቱ ብር ይዞ መንገድ ዳር ወደተቀመጡ እናት ይጠጋል። ጓደኛው ስልኩን ፊታቸው ላይ ደግኗል። እማማ በአንድ እጃቸው ብሩን ይቀበላሉ፣ በሌላው እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ፊታቸው ይስባሉ። ያ የነጠላ ጫፍ «አትቅረጹኝ» ማለት ነው፤ ቪዲዮው ግን ሆድ የሚያባባ ዜማ ተጨምሮበት ይለቀቃል። ምጽዋት በስውር እንዲሆን ወንጌልም እስልምናም ያስተምራሉ። ገንዘብ ለማሰባሰብ ማስረጃ ያስፈልጋል ካላችሁ፣ የተገዛውን ዱቄት፣ የተከፈለውን የቤት ኪራይ፣ የረጂውን ፊት አሳዩ። የተረጂው ፊት የደረሰኝ ምትክ አይደለም።

ጸበል ቦታም እንዲሁ ነው። ሰው ለመዳን ሲል ራሱን ሙሉ በሙሉ የሚጥልበት ቦታ ነው፤ ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ልብሱ ይገለጣል። ያን ጊዜ የተቀረጸች ወጣት ነገ ሥራ ትፈልጋለች፣ ትዳር ትመሠርታለች፤ ቪዲዮው ግን ከዓመታት በኋላም ይገኛል። በጥምቀት ጸበል ሲረጭ ልብሷ ሰውነቷ ላይ የተጣበቀባትን ሴት አቅርቦ ማንሳትም ከዚህ አይሻልም፤ በዓሉ የአደባባይ ቢሆንም ገላዋ የአደባባይ አይደለም። የመኪና አደጋ ቦታም አለ። እጁ ስልክ የያዘ ሰው ቁስለኛ ማንሳት አይችልም፤ የሟች ፎቶም ቤተሰቡ መርዶ ሳይሰማ ፌስቡክ ላይ ይደርሳል። ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1907 የሰውን የምስል መብት በሕግ ስትደነግግ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሁለት ፎቶ አንሺዎች የአገሪቱን የቀድሞ ቻንስለር የቢስማርክን አስከሬን በሌሊት ተደብቀው በመግባት ማንሳታቸው ያስነሳው ቁጣ ነበረበት።

ገንዘብ ከፍሎ ማንሳትስ? ለዚህ ደቡብ ኦሞን የሚያህል ትምህርት ቤት የለም። ቱሪስቶች በመኪና ከጂንካ ተነስተው፣ ማጎ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጠው፣ ሙርሲዎች መንደር ይደርሳሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ። ክፍያው በፎቶ ቁጥር ነው፤ ካሜራው ቀጭ ባለ ቁጥር ይቆጠራል፣ ጭቅጭቁም ከዚያ ይነሳል። ለአሥርት ዓመታት ከሙርሲዎች ጋር የሠራው እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ በሙርሲዎችና በቱሪስቶች መካከል ያለውን ያልተመቸ ግንኙነት ተርኳል። ቱሪስቱ ያልተነካ ባህል አየሁ ይላል፤ ፊቱ የቆመችው ሴት ግን በአዘቦት ቀን የማታደርገውን ጌጥ፣ የከርከሮ ጥርስና ብረታ ብረት ሳይቀር፣ ለካሜራው ብላ ደርድራዋለች። ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል፣ ወይም «ገንዘብ አበላሻቸው» ይላል። እኔ አልስማማም። ዋጋ መጥራት እምቢ የማለት አንዱ መንገድ ነው። ፊቴን ለፈለገ ሁሉ በነጻ አልሰጥም ማለት ነው። የሚያሳዝነው በመስኮት ሰርቆ አንስቶ የሚሸሸው፣ ውድ ሌንስ ተሸክሞ በጥቂት ብር የሚከራከረው፣ ልጆች ትምህርታቸውን ትተው መንገድ ዳር እንዲጨፍሩ የሚያደርገው ነው። የምትከፍሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ የተስማማችሁትን ክፈሉ፤ ለልጆች በእጃቸው አትስጡ።

አሁን ደግሞ የሚቃወሙኝን ልስማ። «ሁሉን ሰው አስፈቅደን ካነሳን የከተማ ሕይወት ፎቶ ይሞታል፤ ሰው ካወቀ ይገተራል» ይላሉ። እውነት አላቸው። ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልክ እያነሳ፣ ከጀርባቸው ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ደማቅ ቀለም ላይ እያቆመ የሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ያን ውበት እኛ ራሳችን በየቀኑ እያለፍነው ልብ አላልነውም ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ አስቀድማችሁ ጠይቁ አልልም። ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ሰውየው በደህናው ሁኔታ ላይ ሲሆን፣ አንስቶ ወዲያው ቀርቦ ማሳየት ይቻላል። ደስ ካለው መልካም፤ ደስ ካላለው እፊቱ ይጥፋለት። ሌላም ልዩነት አለ። ሥልጣን ያለው ሰው ሥልጣኑን ሲጠቀም፣ በተለይም ደካማውን ሲበድል፣ ካሜራ የደካማው ምስክር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ባለሥልጣንን ለይቶ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ላይ የሚያይ ካሜራና ወደ ታች የሚያይ ካሜራ በአንድ ደንብ አይዳኙም።

እንዴት ይጠየቃል? እንበልና መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችኋል። አንድ ጎልማሳ አሮጌ በርሜል ቆርጠው ምድጃ እየቀጠቀጡ ነው። ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ ቅረቡ፤ ሰላምታ ይቅደም። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? በርቱ። ሥራዎት ደስ ብሎኝ ነው፤ አንድ ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?» ጋሼ መዶሻቸውን ያቆማሉ። «ለምንድን ነው? ለግብር ነው እንዴ?» ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ የሚነግድ ሰው ፎቶው ደንብ አስከባሪ እጅ እንዳይገባ ይፈራል፤ መልስ ይገባዋል። ማን እንደሆናችሁ፣ ፎቶው የት እንደሚውል ንገሯቸው። «እንግዲያው ፊቴን ተወው፤ እጄን አንሳ» ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ እጃቸውን አንሱ፤ መዶሻውና የጠቆረው ጣት ከፊት ያነሰ አይናገርም። ካነሳችሁ በኋላ አሳዩአቸው። ኢንተርኔት ላይ ልታወጡት ከሆነ ያ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለብቻው ይጠየቅ። በተመለሳችሁ ጊዜ ፎቶ ቤት አሳትማችሁ አንድ ቅጂ ውሰዱላቸው። እምቢ ካሉ ደግሞ «እሺ ጋሼ፣ ሥራ ይባርክ» ብሎ መሄድ ነው፤ መለማመጥ ይሉኝታን መጠቀም ነው።

በዓረብ አገር ለሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን አንድ ነገር ልጨምር። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ በአደባባይም ቢሆን የሌላን ሰው ግላዊነት ጥሶ ፎቶ ማንሳት ቢያንስ የስድስት ወር እስራት ወይም ከ150 ሺህ እስከ 500 ሺህ ድርሃም መቀጮ፣ አልያም ሁለቱንም ያስከትላል። ለመዝናናት የተነሳ አንድ ቪዲዮ የዓመታት ደመወዝ ሊበላ ይችላል።

እናጠቃልል። ወላጆች፣ ልጆቻችሁ በመጀመሪያው ስልካቸው መንገድ ላይ ያለን ሰው ቀርጸው ሲስቁ አብራችሁ አትሳቁ። መምህራን፣ ይህን በክፍል አንሱት። የበጎ አድራጎት ወጣቶች፣ የተረጂን ፊት ከገጻችሁ አውርዱ፤ ሰጪ የሚጠፋ አይምሰላችሁ። ጋዜጠኞች፣ ከፎቶው ጋር ስምና ታሪክ ጻፉ፤ ስሙ የሚጎዳው ከሆነም ፊቱን ሸፍኑ። ፎቶ የምትነሱት እናንተም «አይ፣ አልፈልግም» ማለት ነውር እንዳልሆነ እወቁ፤ ሕግም ከጎናችሁ ነው። የምታነሱት ደግሞ አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ይህ ሰው እኔን እምቢ ማለት ይችላል ወይ? መልሱ «አይችልም» ከሆነ ስልካችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ፤ የሚረዳ እጅ ካላችሁ እሱን ዘርጉ።